ሀዋሳ ላይ ስልክ ከተሰረቀ በኋላ ለማስመለስ ከምን መጀመር ይገባል?

የአቶቴ ነዋሪ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ትናንት አመሻሽ ላይ ከመናኸሪያ ወደ አቶቴ በባጃጅ ስጓዝ፣ በሞተር ሳይክል የመጡ ሁለት ሰዎች ሳምሰንግ ስልኬን ከእጄ መንትፈው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ተሰወሩ። እኔ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ነገር ግን ስልኩ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ሰነዶች፣ የሁለት ባንኮች መተግበሪያ፣ ቴሌብር፣ እንዲሁም ባለፈው ዓመት ያረፈችው እናቴ በቴሌግራም ትልክልኝ የነበሩ የድምፅ መልእክቶች አሉ፤ በተለይ እነዚህን መልእክቶች ማጣቴ ከቀፎው ዋጋ ይልቅ አንገብግቦኛል። ዛሬ ጠዋት በባለቤቴ ስልክ የጉግል አካውንቴን ከፍቼ ካርታው ላይ ስመለከት፣ ስልኩ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከአሮጌው ገበያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግንኙነቱ ተቋርጧል። ካርቶኑ ቤት አለ። ከምን ልጀምር? ለፖሊስ ማመልከት ውጤት አለው ወይስ ጎረቤቶቼ እንደሚሉት ድካም ብቻ ነው? ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ከባንክ መስኮት

ወንድሜ፣ እንኳን ነፍስህ ተረፈች። ሲምህን ገና ካላስዘጋህ ንባቡን አቁመህ አሁኑኑ ደውል፤ ቀፎውን የምትፈልግበት ጊዜ ይኖርሃል፣ ለገንዘቡ ግን ያለህ ጊዜ አጭር ነው።

እኔ የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው። ስልካቸው ተሰርቆ ወደ መስኮታችን የሚመጡ ደንበኞች አብዛኞቹ «ስልኬ በይለፍ ቃል ስለተቆለፈ አያገኙትም» ብለው ያምናሉ። የይለፍ ቃሉ የሚጠብቀው ቀፎውን እንጂ ሲም ካርዱን አይደለም። ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ሲከተው፣ በአጭር መልእክት የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ ሁሉ ለእሱ ይደርሰዋል፤ በዚያ ኮድ ደግሞ የኢሜይልህንም የቴሌግራምህንም በር ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ቁጥርህ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ከማንኛውም ስልክ 994፣ የሳፋሪኮም ከሆነ 700 ደውለህ አስዘጋው። ለቴሌብር 127 አለ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ካለህ 951 ደውል፤ ሌላው ባንክህም የራሱ የጥሪ ማዕከል አለው። በቴሌብር በኩል የሚያሰጋህ ያለህ ቀሪ ሒሳብ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የሚስጥር ቁጥርህን የሚያውቅ ሰው እንደ «መላ» እና «እንደኪሴ» ባሉት አገልግሎቶች በስምህ ብድር ሊወስድ ይችላል።

ከዚያ መታወቂያህን ይዘህ አገልግሎት ማዕከል ሄደህ በዚያው ቁጥር ምትክ ሲም አውጣ። አዲሱ ሲም ሥራ ሲጀምር ሌባው እጅ ያለው ከአገልግሎት ውጪ ይሆናል። በመቀጠል ባንክህ በአካል ቀርበህ የሞባይል ባንክ አገልግሎትህ ከተሰረቀው ቀፎ ተነቅሎ እንደ አዲስ እንዲመዘገብ ጠይቅ፤ ከስርቆቱ ሰዓት ጀምሮ ያለውን የሒሳብ እንቅስቃሴም በወረቀት አሳትምና ያዝ፤ ገንዘብ ተወስዶ ከተገኘ ለፖሊስ የምታቀርበው ማስረጃ እሱ ነው።

የእናትህን ድምፅ በተመለከተ ግን አይዞህ። ከምስጢራዊ ውይይቶቹ በቀር የቴሌግራም መልእክት የሚቀመጠው በኩባንያው ማዕከል ውስጥ እንጂ በቀፎው ላይ ብቻ አይደለም። በምትኩ ሲም በሌላ ስልክ ስትገባ መልእክቶቹን እዚያው ታገኛቸዋለህ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ላክልበት፦ የተሰረቀው ስልክ ከአካውንትህ እንዲወጣ ስታደርግ፣ ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ የቀድሞዎቹን እንዲያስወጣ ለመጀመሪያው 24 ሰዓት አይፈቅድም። ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ከፍተህ የተውከው ቴሌግራም ካለ ግን እሱ ነባር ስለሆነ «መሣሪያዎች» ከሚለው ገጽ ገብተህ የተሰረቀውን ወዲያውኑ ማስወጣት ትችላለህ። ለዘመዶችህም በስምህ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ቢመጣ እንዳይልኩ አስጠንቅቃቸው።

ታቦር

ሁሉም መልካም ነው፤ ነገር ግን ካርታው ሰፈሩን ካሳየው ምን ይጠበቃል? ሁለት ሦስት ጓደኞቹን ይዞ ዛሬውኑ ቢሄድ ስልኩ ሳይሸጥ ይደርስበታል። ለወረቀት ሲሯሯጥ የሚያልፈው ሰዓት ለሌባው የሚሰጥ ዕድል ነው።

የቀድሞ መርማሪ

ወንድሜ ታቦር፣ ቁጭትህ ይገባኛል፤ ምክርህ ግን ሰው ያስጎዳል። በወንጀል ምርመራ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ስልክ ሊያስመልሱ ሄደው ራሳቸው ተደብድበው ወይም ያልሰረቀ ሰው ደብድበው ተከሳሽ ሆነው የመጡ ሰዎችን ቃል ተቀብያለሁ። ካርታው የሚያሳየው ነጥብ ዙሪያውን ክብ አለው፤ የክቡ ትርጉም «ስልኩ ከዚህ ውስጥ አንዱ ቦታ ላይ ነበር» ማለት ነው። በአሮጌው ገበያ አካባቢ እንዲህ ያለ አንድ ክብ ብዙ ግቢዎችን ይሸፍናል፤ በአንዱ ግቢ ውስጥ ደግሞ በተርታ የተከራዩ የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ይኖራሉ። የማንን በር ያንኳኳል? ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሰው ቤት ገብቶ መፈተሽ ለፖሊስም ቢሆን ሕግ በግልጽ ካስቀመጣቸው ሁኔታዎች ውጪ አይፈቀድም፤ ለግለሰብማ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ካርታውን ማየት ጥሩ ነው፤ ሰዓቱና ቦታው እንዲታይ አድርገህ ፎቶ አንሣው፣ አሳትመው፣ ለመርማሪው ስጠው።

አሁን ወደ ጠያቂው ልመለስ። «ለፖሊስ ማመልከት ድካም ብቻ ነው» የሚሉህ ጎረቤቶች አንድ ነገር አልተገለጸላቸውም። ስልክ በአብዛኛው የሚገኘው ሌባው ተሯሩጦ ተይዞ አይደለም፤ ከወራት በኋላ ቀፎውን የገዛው ሰው በራሱ ስም የተመዘገበ ሲም ሲያስገባበት ነው። ስልኩ ከኔትወርኩ ጋር ሲገናኝ የቀፎውን መለያ፣ ማለትም አይኤምኢአይ የሚባለውን ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ይዞ ነው። ፖሊስ ሥርዓቱን በጠበቀ ደብዳቤ ሲጠይቅ፣ የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪው ያ ቀፎ በየትኛው ሲም እየሠራ እንደሆነ ከመዝገቡ ሊያወጣ ይችላል። ያንን ደብዳቤ ግን አንተ ብትለምን አታገኘውም፤ የሚጻፈው የተከፈተ የምርመራ መዝገብ ሲኖር ብቻ ነው። መዝገብ የሌለው ሰው ስልኩ በአጠገቡ እየጮኸ ቢያልፍ እንኳ የሚጠይቅለት የለም።

ስለዚህ ወንጀሉ ወደተፈጸመበት አካባቢ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ። ካርቶኑን፣ የገዛህበት ደረሰኝ ካለ ደረሰኙን፣ መታወቂያህን እና የካርታውን ኅትመት ያዝ። ቁጥሩን ስትጽፍ ተጠንቀቅ፤ ስልክህ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ሁለት አይኤምኢአይ ስላለው ሁለቱንም አስመዝግብ። በየጊዜው የማየው ችግር ከካርቶኑ ሲገለበጥ አንድ አኃዝ ተዛብቶ፣ 3 የነበረው 8 ሆኖ ደብዳቤው ከነስሕተቱ መሄዱ ነው፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መልሱ «አልተገኘም» ይሆናል፤ ባለንብረቱም ተስፋ ይቆርጣል። የመጨረሻው 15ኛ አኃዝ ከፊተኞቹ 14 ተሰልቶ የሚገኝ መቆጣጠሪያ ስለሆነ የተሳሳተ ቁጥር በስሌት ይታወቃል፤ ቢሆንም ከሁሉ የሚሻለው ካርቶኑን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ነው።

ቃልህን ስትሰጥ የሆነውን እንደሆነው ተናገር። ኪስህ ሳታውቀው ተከፍቶ ከሆነ ስርቆት ነው፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 የሚታይ። በቢላዋ አስፈራርተውህ ወይም ደብድበውህ ወስደው ከሆነ ግን በአንቀጽ 670 ሥር ወደሚወድቀው ውንብድና ይገባል፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። አንተ እንደገለጽኸው ከእጅ መንጠቅ ሲሆን፣ እጅህን ጠምዝዘውህ ወይም ገፍትረውህ እንደሆነ አትዝለለው፤ የወንጀሉን ዓይነት የሚወስኑት እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ናቸው። የባጃጁ ሹፌር ምስክር ነውና አፈላልገህ አግኘው። ከሁሉ በኋላ አቤቱታህ መዝገብ ላይ መስፈሩን አረጋግጥ፣ የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ያዝ፤ ከዚያ በየጊዜው እየሄድክ በትሕትና ጠይቅ። የሚጠየቅበት መዝገብ እና የማይጠየቅበት መዝገብ እኩል አይንቀሳቀሱም፤ ይህን የምለው የሥራ ባልደረቦቼን ለመውቀስ ሳይሆን የአንድ መርማሪ ጠረጴዛ ምን ያህል እንደሚጫን ስለማውቅ ነው።

ጥገና ቤት

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ ከእኛ ሙያ በኩል ያለውን ልጨምር። ፒያሳ አካባቢ ስልክ ስጠግን ቆይቻለሁ፤ የተሰረቀ ስልክ በምን መልክ ወደ ጥገና ቤት እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ሰውየው ይገባና «አካውንቱን ረስቼዋለሁ፣ ፍላሽ አድርግልኝ» ይላል። አንድሮይድ ስልኮች ከ5.1 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ሌላ ሰው ውስጡን ቢያጠፋውም እንኳ ሲበራ የቀድሞውን ባለቤት የጉግል አካውንት ይጠይቃሉ። አይፎን ላይ ተመሳሳዩ መቆለፊያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እውነተኛ ባለቤት ከሆነ ካርቶን ያመጣል፣ ወይም ቢያንስ በየትኛው ኢሜይል እንደከፈተው፣ መስታወቱ መቼ እንደተሰነጠቀ ሊነግረኝ ይችላል። የሰረቀው ሰው ግን ስልኩ የማን እንደሆነ ስትጠይቀው መጀመሪያ «የእኔ»፣ ቀጥሎ «የእኅቴ»፣ ከዚያ «ከጓደኛ ገዝቼው» ይላል፤ ዓይኑም ከበሩ አይነቀልም። እኔ ካርቶን የሌለውን አካውንት አልነካም። የሙያ ጓደኞቼ ሁሉ እንዲህ ቢያደርጉ በዚህ ከተማ ስልክ መንትፎ መሸጥ ትርፍ አይኖረውም ነበር፤ ይህን በሙሉ ልብ እናገራለሁ። ሌባ የሚመነትፈው የሚከፍትለትና የሚገዛው ስላለ ነው።

የማይከፈተው ስልክ ይበተናል። እስክሪኑ ለብቻ፣ ባትሪው ለብቻ፣ ካሜራው ለብቻ ይሸጣል። አይኤምኢአይ ቁጥሩ የሚኖረው ቦርዱ ላይ ስለሆነ በመለያው ተፈልጎ የሚገኘው ቦርዱ ያለበት ስልክ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ፍጥነት የሚያስፈልገው። እዚህ የተነጠቀ ስልክ ደግሞ እዚሁ ላይሸጥ ይችላል፤ ሻሸመኔ ቅርብ ናት፣ ዲላም አዲስ አበባም በአንድ ቀን የሚደረስባቸው ናቸው። ስለዚህ የካርቶንህን ፎቶ ለምታውቃቸው ጠጋኞችና ያገለገለ ስልክ ለሚሸጡ ሱቆች አድርስ፤ «ካያችሁት ደውሉልኝ» በል። ከካርቶኑ ፎቶ ጋር የራስህን ሳይሆን የባለቤትህን ወይም የወንድምህን ቁጥር ስጥ፤ ምትክ ሲም እስክታወጣ ድረስ የአንተው ቁጥር ለአንተ አይሠራም።

አንድ ነገር አደራ። ካርታው ላይ «አጥፋ» የሚለውን ቁልፍ ለመጫን አትቸኩል። በመጀመሪያ «ቆልፍ» በለውና እስክሪኑ ላይ የሚታይ መልእክት ከስልክ ቁጥር ጋር ጻፍ። ጉግል ላይ ውስጡን ካጠፋኸው በኋላ የስልኩን ቦታ መከታተል አትችልም። ማጥፋት የሚገባው በውስጡ ያለው ምስጢር ከስልኩ የሚበልጥብህ ከሆነ ብቻ ነው፤ የመሥሪያ ቤትህ ሰነድ እንዲህ ያለ ከሆነ አለቃህን አማክር።

ካርቶን የሌላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ካላችሁ ደግሞ፣ ስልኩን የምትፈልጉበት የጉግል ገጽ ላይ ከስልኩ ስም አጠገብ ያለችውን ትንሽ የመረጃ ምልክት ስትነኩ አይኤምኢአይ ቁጥሩ ይወጣል። አሁን በእጃችሁ ያለውን ስልክ ቁጥር ለማወቅ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ደውሉና ወረቀት ላይ ገልብጡት።

የገብርኤል ሰፈር እናት

በሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ዕለት ከተማችን ከየአቅጣጫው በሚመጣ ምእመን ተሞልታ ሳለ፣ በዚያ ግፊያ መካከል የልጄ አይፎን ከቦርሳዋ ተወሰደ። አባቷ በዚያው ሰዓት በራሱ ስልክ ገብቶ «የጠፋ» ወደሚለው ሁኔታ ቀየረውና እስክሪኑ ላይ የእሱ ቁጥር እንዲታይ አደረገ። ከሳምንታት በኋላ ወደ እሱ ቁጥር «ስልክዎ ተገኝቷል፣ ቦታውን ለማየት እዚህ ይግቡ» የሚል ከአፕል የመጣ የሚመስል መልእክት ደረሰው። ልጃችን ደስ ብሏት ልትገባ ስትል ከለከላት፤ ደግ አደረገ፤ የመልእክቱ ዓላማ የይለፍ ቃሏን ተቀብሎ መቆለፊያውን ማስነሣት ነበርና። እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው ሰው ስልኩ ገና እንዳልተከፈተ ይወቅ። ሌቦቹ መክፈት ቢችሉ ኖሮ ባልለመኑት ነበር። «ከአካውንትህ አውጣውና እንመልስልሃለን» የሚሉትንም በፍጹም አትስሟቸው።

ስልኩን ያስመለሰልን በሌላ ከተማ የሚሠራ አንድ ጠጋኝ ነው። እንዲከፍተው ሲመጣለት እስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቦ ለባለቤቴ ደወለ። እኛም ቀድመን ያስመዘገብነው መዝገብ ስለነበረ ፖሊስ ተከታትሎ አመጣልን። ለዚያ ልጅ እስከ ዛሬ በየበዓሉ ደውዬ እንኳን አደረሰህ እለዋለሁ።

ያገለገለ ስልክ ገዢ

በገዢ በኩል ያለውንም ስሙልኝ። ያገለገለ ቴክኖ ስልክ ከአንድ ሰው ገዝቼ ስጠቀም ቆይቼ ከፖሊስ ተደወለልኝ፤ ስልኩ የተሰረቀ ሆኖ ተገኘ። ስገዛ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ተቀብዬ፣ የቀፎውን ቁጥርና ዋጋውን ጠቅሰን ሁለት ምስክሮች ያሉበት የሽያጭ ወረቀት ተፈራርመን ነበር። ያ ወረቀት ነው ከተጠርጣሪነት ወደ ምስክርነት ያሸጋገረኝ። ስልኩን አስረክቤ ገንዘቤን ከሻጩ ላይ ጠይቄያለሁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 በወንጀል የተገኘ ንብረት የሚገዛንና የሚሸሽግን ሰው እንደሚቀጣ ያወቅሁት ያኔ ነው። ከገበያ ዋጋ እጅግ የወረደ፣ ካርቶን የሌለው ስልክ ሲቀርብላችሁ ሻጩ መታወቂያ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ የማይሰጥ ከሆነ አትግዙ።

የአቶቴ ነዋሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲሙ ተዘግቶ ምትክ ወጥቷል፤ ባንኮቹም ሒሳቤ እንዳልተነካ አረጋግጠውልኛል። የእናቴን መልእክቶች ሁሉንም አግኝቼ በኮምፒውተር ላይም አስቀምጫቸዋለሁ። ለፖሊስ አመልክቼ መዝገብ ተከፍቷል።

አዲስ ነገር ልጠይቅ። ዛሬ ከቀትር በኋላ አንድ ሰው ወደ ባለቤቴ ደውሎ «ስልኩ እኛ ጋ ነው፣ ገንዘብ በዚህ ቁጥር ላኩና በባጃጅ እንልክላችኋለን» አለ። የጠየቀው ገንዘብ ከአዲስ ስልክ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው። ባለቤቴ ከፍለን እንገላገል ትላለች። ደግሞስ ስልኩ ፖሊስ እጅ ቢገባ በስንት ጊዜ ይመለስልኛል?

ታቦር

ቀደም ሲል የሰጠሁትን ሐሳብ መርማሪው ካስረዱ በኋላ ትቼዋለሁ። ገንዘቡን ግን አትላክ። ጎረቤቴ ልኮ ስልኩም አልመጣ፣ የተደወለበት ቁጥርም ከዚያ ወዲያ አልተነሣ።

የቀድሞ መርማሪ

ገንዘብ አትላክ፤ የደወለውንም አትሳደብ፣ አታስፈራራ። ባለቤትህ «ገንዘቡን እያሰባሰብን ነው» ብላ በመልካም ቃል ታቆየው። የደወለበት ቁጥርና ገንዘብ እንዲላክበት የሰጠው ቁጥር ሁለቱም በሰው ስም የተመዘገቡ ናቸው፤ ለመርማሪው ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። የደወለበትን ሰዓትና ያለውን ቃል በቃል ጻፉት፣ የጥሪ ዝርዝሩን ፎቶ አንሡት፣ ዛሬ ሳይመሽ ወደ መርማሪው ውሰዱት። ደዋዩ በአካል እንገናኝ ቢል ቀጠሮውን ፖሊስ ሳያውቅ እንዳትይዙ፤ ባለቤትህም ብቻዋን እንዳትሄድ። ደግሞ የደወለው ሰው በእርግጥ ስልኩን መያዙን ለማወቅ፣ ሽፋኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ወይም የጭረቱን ቦታ ብትጠይቁት መልሱ ይነግራችኋል፤ የጠፋ ስልክ ማስታወቂያ አንብበው ያልያዙትን የሚሸጡ አጭበርባሪዎች አሉና።

ስልኩ ሲያዝ በኤግዚቢትነት ይመዘገባል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስኪያልቅ ድረስ ግን የግድ በመጋዘን አይቀመጥም፤ ባለቤትነትህን በካርቶኑና በደረሰኙ አስረድተህ በማመልከቻ ብትጠይቅ፣ ፎቶ ተነሥቶና ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ በተፈለገ ጊዜ አቀርባለሁ ብለህ ፈርመህ እንድትረከብ ሊፈቀድልህ ይችላል። ጥያቄህን መዝገቡ በዚያ ጊዜ የሚገኝበት አካል ዘንድ አቅርብ፤ ምርመራው ካላለቀ ለፖሊስ፣ ካለቀ ለዐቃቤ ሕግ ወይም ለፍርድ ቤት ነው። ስትረከብ በኮከብ መሰላል 06 መሰላል የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አመሳክር፤ ሁለቱም አይኤምኢአይ መግጠማቸውን ሳታይ አትፈርም። ከዚያ የባንክ መተግበሪያ ሳታስገባበት በፊት በውስጡ ያለውን ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ እንደ አዲስ አስጀምረው፤ በማን እጅ እንደቆየና ምን እንደተጫነበት አይታወቅምና።